ያረጀ የጌም ኮምፒውተርን በአነስተኛ በጀት የማሻሻያ መመሪያ

«ኮምፒውተሬ አዳዲስ ጌሞችን መሸከም አቃተው፤ ያለኝ ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ምን ልቀይርለት?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች ግራፊክስ ካርድ ለመግዛት አስቀድመው ወስነው የትኛው እንደሚሻል ብቻ ማወቅ ይፈልጋሉ። ችግሩ ከካርዱ ካልሆነ ግን አዲስ ካርድ መግጠም ገንዘቡን ያባክናል እንጂ ጌሙን አያፈጥነውም። ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ይለካሉ፤ ቀጥሎ ገንዘብ የማይጠይቁትን ማስተካከያዎች ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በኋላ ልኬቱ የጠቆመውን ክፍል ብቻ ይቀይራሉ። መመሪያው የተጻፈው ለዴስክቶፕ ነው። ከደረጃ 1 እስከ 4 ያሉትን ሁሉም ሰው ሊሠራቸው ይገባል፤ ከደረጃ 5 እስከ 8 ካሉት ግን የሚያስፈልግዎትን ብቻ ይምረጡ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• መካከለኛና ትንሽ ባለ መስቀል ጫፍ ካቻቢቴ (በማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካው ፈጣን ማከማቻ፣ ማለትም የኤም.2 ኤስኤስዲ፣ ብሎን በጣም ትንሽ ስለሆነ በትልቁ ከሞከሩት ጭንቅላቱ ይበላል)
• የታመቀ አየር ወይም ለስላሳ ብሩሽ
• ተርማል ፔስት (ሙቀትን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግር ቅባት)፣ ከ90 በመቶ በላይ ንጹሕ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል እና ክር የማይተው ጨርቅ
• ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ዲስክ
• ፋይሎችዎን የሚያስቀምጡበት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ
• የኬብሎቹን አቀማመጥ ከመንቀልዎ በፊት ፎቶ የሚያነሡበት ስልክ
• በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች፦ ሲፒዩ-ዚ፣ ጂፒዩ-ዚ፣ ኤችደብሊውኢንፎ፣ ክሪስታልዲስክኢንፎ (የዲስክን ጤንነት የሚያሳይ)፣ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር እና ሜምቴስት86

ማስጠንቀቂያ

ፓወር ሰፕላይን በምንም ምክንያት አይክፈቱ። በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ኬብሉ ከተነቀለ በኋላም ለሕይወት የሚያሰጋ ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ፓወር ሰፕላዩ ከተበላሸ ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።

ኬዙን ከመክፈትዎ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍተው የኤሌክትሪክ ገመዱን ይንቀሉ፤ ከዚያም የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭነው ይያዙት፤ ይህም በማዘርቦርዱ ላይ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያስወጣል። በሰውነትዎ ላይ የተጠራቀመ ስታቲክ ኤሌክትሪክ እርስዎ ሳይሰማዎት ራም ወይም ፕሮሰሰር ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ማንኛውንም ክፍል ከመያዝዎ በፊት ያልተቀባውን የኬዙን ብረት ይንኩ፤ ምንጣፍ ላይ ቆመው አይሥሩ።

ዊንዶውስዎ ቢትሎከር በተባለው የዲስክ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሣው የማዘርቦርድ ፕሮግራም) ወይም ፕሮሰሰር ከመቀየርዎ በፊት ቢትሎከርን ለጊዜው ያቁሙ፤ የመክፈቻ ቁልፉንም ከኮምፒውተሩ ውጭ ጽፈው ያስቀምጡ። ይህን ሳያደርጉ ፕሮሰሰር ቢቀይሩ ዊንዶውስ ቁልፉን ይጠይቅዎታል፤ ቁልፉ ከሌለዎት ፋይሎችዎን የሚመልስልዎ የለም።

ደረጃ 1፦ ያለዎትን ዕቃ ይመዝግቡ

ሲፒዩ-ዚን ከፍተው የፕሮሰሰሩን ስም፣ የማዘርቦርዱን ሙሉ ሞዴል፣ የባዮሱን ሥሪት፣ የራሙን ዓይነትና በየትኞቹ ቀዳዳዎች እንደተሰካ ይጻፉ። ከዚያም ኬዙን ከፍተው በፓወር ሰፕላዩ ጎን ከተለጠፈው ወረቀት ላይ አጠቃላይ ዋቱን፣ በ12 ቮልት መስመር የሚሰጠውን ዋት፣ እንዲሁም ለግራፊክስ ካርድ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ኬብል ያለው መሆኑን ይመዝግቡ። በመጨረሻም ከኬዙ የኋላ ግድግዳ እስከ ፊተኛው ፋን ድረስ ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩ፤ አዲሱ ካርድ ከዚህ ርቀት ከረዘመ አይገባም። ይህ መዝገብ ሳይኖር ወደ ገበያ መውጣት ዋጋ ያስከፍላል፤ ከማዘርቦርዱ ጋር የማይሄድ ዕቃ ተገዝቶ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ በታየ ቸልተኝነት ነው።

ደረጃ 2፦ አጽድተው ሙቀቱን ያስተካክሉ

አቧራውን በታመቀ አየር ሲያስወግዱ የየፋኑን ቅጠል በጣትዎ ይያዙት። ፋኑ በአየሩ ግፊት ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ማሽከርከሪያው ሊጎዳ ይችላል። በተለይ በፕሮሰሰሩ ሂትሲንክ (ሙቀቱን የሚያወጣው ብረት) እና በፋኑ መካከል ያለውን ቦታ ይመልከቱ፤ ከላይ ንጹሕ መስሎ የሚታይ ሂትሲንክ ፋኑ ሲነሣ እንደ ምንጣፍ በተጠቀጠቀ አቧራ ተሸፍኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ካጸዱ በኋላ ኤችደብሊውኢንፎን ከፍተው ጌም እየተጫወቱ ሙቀቱን ይከታተሉ። በጌም ወቅት ከ60 እስከ 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ፕሮሰሰር አያሳስብም። ወደ 95 እና 100 ዲግሪ የሚጠጋ ከሆነ ግን ራሱን ከጉዳት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጌሙም አብሮት ይዘገያል። በዚህ ጊዜ ሂትሲንኩን አውርደው የደረቀውን ፔስት በአልኮል ይጥረጉና የአተር ፍሬ የሚያህል አዲስ ፔስት መሐል ላይ አድርገው መልሰው ይግጠሙት። ፕሮሰሰሩ ኤኤም4 በተባለው የኤኤምዲ ሶኬት የሚገባ ዓይነት ከሆነ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃዎች አሠርተው ያሙቁት፤ ከዚያ አጥፍተውና ገመዱን ነቅለው ሂትሲንኩን ወደ ግራና ቀኝ በቀስታ እያዞሩ ያላቁት። ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ከጎተቱት የደረቀው ፔስት ፕሮሰሰሩን ከነተቆለፈበት ሶኬት መንጭቆ ያወጣውና ፒኖቹ ሊታጠፉ ይችላሉ።

ደረጃ 3፦ ማነቆውን ይፈልጉ

ማነቆ የምንለው ሌሎቹን ክፍሎች የሚያዘገየውን ክፍል ነው። ከሁሉም ደረጃዎች ብዙ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ይህ ነው፤ ገንዘብዎ የት እንደሚሄድ የሚወሰነው እዚህ ነውና። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በጌሙ ላይ የሚከተሉትን እንዲያሳይ ያዘጋጁት፦ በሰከንድ የሚታዩ ፍሬሞች (ኤፍፒኤስ)፣ የግራፊክስ ካርዱ አጠቃቀም በመቶኛ፣ የእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር አጠቃቀም፣ የተያዘ ራም እና የተያዘ የካርድ ሚሞሪ። ቪ-ሲንክን (ኤፍፒኤሱን በሞኒተሩ ፍጥነት የሚገድበውን ቅንብር) እና ማንኛውንም የኤፍፒኤስ ገደብ ያጥፉ፤ ገደብ ካለ ካርዱ ሳይደክም ስለሚያርፍ ንባቡ ያሳስታል። ከዚያም በእውነት የሚጫወቱትን ጌም፣ ከሁሉም በላይ በሚዘገይበት ቦታ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ይጫወቱና ንባቡን እንደሚከተለው ይተርጉሙ።

• ካርዱ ያለማቋረጥ ከ95 እስከ 100 በመቶ የሚሠራ ከሆነ ማነቆው ካርዱ ነው።
• ኤፍፒኤሱ ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ካርዱ 60 ወይም 70 በመቶ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ማነቆው በአብዛኛው ፕሮሰሰሩ ነው። አጠቃላዩ የፕሮሰሰር አጠቃቀም 50 በመቶ መሆኑ አያዘናጋዎት፤ ጌሙ የሚጠብቀው አንድ ኮር 100 በመቶ ሞልቶ ሌሎቹ ሥራ ፈትተው ሊሆን ይችላል።
• ራሙ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ከሆነና ጌሙ ለአፍታ ቀጥ እያለ የሚቀጥል ከሆነ ራም ያንሰዋል።
• ኤፍፒኤሱ ደኅና ሆኖ ጌሙ ለመከፈት ወይም አዲስ አካባቢ ለማሳየት የሚንቀራፈፍ ከሆነ ዲስኩን ይመልከቱ።

ውጤቱን ለማረጋገጥ የጌሙን ሬዞሉሽን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርገው ያንኑ ቦታ ይድገሙት። ሬዞሉሽን ሲቀንስ የሚቀለው የካርዱ ሥራ እንጂ የፕሮሰሰሩ አይደለም። ስለዚህ ኤፍፒኤሱ በግልጽ ከጨመረ ጥፋቱ የካርዱ ነበር፤ ካልተንቀሳቀሰ የፕሮሰሰሩ ነው። ለምሳሌ ኮር አይ5-7500 ፕሮሰሰር፣ ጂቲኤክስ 1060 ካርድ እና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር እንውሰድ። ይህ ፕሮሰሰር አራት ኮር ብቻ ስላለው ሕዝብ በሚበዛበት ጌም ውስጥ አራቱም ኮሮች ሞልተው ካርዱ ግማሽ ኃይሉን ብቻ ሲጠቀም ይታያል። የዚህ ኮምፒውተር ባለቤት ካርዱን በእጥፍ በሚፈጥን ቢተካው ያው ኤፍፒኤስ ይጠብቀዋል።

ደረጃ 4፦ ገንዘብ የማይጠይቁትን ማስተካከያዎች ይጨርሱ

የሞኒተሩ ኬብል የተሰካው በግራፊክስ ካርዱ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ የሚሠራው ደካማው የፕሮሰሰር ግራፊክስ ነው። በዊንዶውስ የዲስፕሌይ ቅንብር ውስጥ ሞኒተሩ በሙሉ ሄርዙ መሥራቱን ይዩ፤ ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ለዓመታት በ60 ሄርዝ ሲሠራ መኖሩ የተለመደ ነው። ቀጥሎ ባዮስ ውስጥ ገብተው ኤክስኤምፒ ወይም ዲኦሲፒ የተባለውን የራም ቅንብር ያብሩ። ይህ ካልበራ 3200 ተብሎ የተገዛ ዲዲአር4 ራም በ2133 ወይም በ2400 ፍጥነት ብቻ ይሠራል፤ ፕሮሰሰሩ ማነቆ በሆነበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይታያል።

እነዚህን ከጨረሱ በኋላ ደረጃ 3ን ይድገሙ። ኮምፒውተሩ አጥጋቢ ከሆነልዎ ገንዘብዎን ይያዙ፤ ካልሆነ የሚመለከትዎትን ደረጃ ይቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ ሃርድ ዲስክን በኤስኤስዲ መተካት

ዊንዶውስ አሁንም በሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ፣ ማነቆው ሌላ ቢሆን እንኳ ቅድሚያውን ለዚህ እሰጣለሁ፤ በትንሽ ወጪ የኮምፒውተሩን ጠቅላላ ጠባይ የሚቀይረው ይህ ነውና። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ሲያነብ የሳታ (በቆየው የዲስክ ማገናኛ የሚሠራ) ኤስኤስዲ 550 ገደማ፣ የሦስተኛ ትውልድ ኤንቪኤምኢ (በፈጣኑ የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር የሚሠራ ኤስኤስዲ) ደግሞ እስከ 3500 ሜጋባይት ያነባል። ዋናው ልዩነት ግን የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ለማግኘት የሚወስደው ጊዜ ነው፤ ሃርድ ዲስክ ለእያንዳንዱ ፋይል የሚንቀሳቀስ ክንዱን መጠበቅ ሲኖርበት ኤስኤስዲ ይህ የለበትም። በአብዛኞቹ ጌሞች በሳታና በኤንቪኤምኢ መካከል ያለው ልዩነት አነስተኛ በመሆኑ፣ ማዘርቦርዱ ኤንቪኤምኢ የማይቀበል ከሆነ አይዘኑ።

የኤም.2 ቀዳዳ ካለ የማዘርቦርዱን ማኑዋል ያንብቡ። አንዳንዱ ቀዳዳ ሳታ ብቻ፣ አንዳንዱ ኤንቪኤምኢ ብቻ ይቀበላል፤ ቀዳዳው ሲያዝ ከሳታ መሰኪያዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ሥራ የሚያቆሙበት ማዘርቦርድም አለ። ዊንዶውስን ከአሮጌው ዲስክ ከመገልበጥ ይልቅ እንደ አዲስ መጫን ይሻላል፤ ለዓመታት የተጠራቀመው ቆሻሻ ተከትሎዎት አይመጣም። በሚጭኑበት ጊዜ አሮጌውን ዲስክ ነቅለው ያቆዩት፤ አለበለዚያ የማስነሻ ፋይሎቹ በአሮጌው ላይ ሊጻፉ ይችላሉ፤ ዲስኩን ኋላ ባነሡት ቀን ኮምፒውተሩ አይነሣም።

ደረጃ 6፦ ራም መጨመር

ለአሁን ጌሞች 16 ጊጋባይት ተገቢ መነሻ ሲሆን፣ አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ይመረጣል፤ ሁለት ራሞች በጥንድ መስመር ሲሠሩ የመረጃ መተላለፊያው በእጥፍ ይሰፋል። ማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳ ካለው ከፕሮሰሰሩ በኩል ሲቆጠር ሁለተኛውንና አራተኛውን ይጠቀሙ። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የቮልቴጅም የቅርጽም ልዩነት ስላላቸው አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፤ አልገባም ካለ በኃይል አይጫኑት። ለነባሩ ራም ሌላ የሚጨምሩ ከሆነ ሁሉም በዝግተኛው ፍጥነት እንደሚሠሩ ይወቁ። ከገጠሙ በኋላ ሜምቴስት86ን ከፍላሽ ዲስክ አስነሥተው ሙሉ ዙር ያስፈትሹ፤ አንድ ስሕተት እንኳ ካሳየ ራሙን ይመልሱ።

ደረጃ 7፦ ግራፊክስ ካርድና ፓወር ሰፕላይ

እነዚህን ሁለቱን ነጣጥለው አያስቡ። የማዘርቦርዱ የካርድ ቀዳዳ ከ75 ዋት በላይ አይሰጥም፤ ባለ 6 ፒን ኬብል 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። የፓወር ሰፕላይዎ ተጨማሪ ኬብል ከሌለው ምርጫዎ ጂቲኤክስ 1650ን በመሳሰሉ ባለ 75 ዋት ካርዶች ላይ ይወሰናል፤ ከእነዚህም ተጨማሪ መሰኪያ የሌለውን ሞዴል ለይተው ይግዙ። ባለ 8 ፒን ኬብል ያለው አስተማማኝ ባለ 450 ወይም 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ ካለዎት ራዲየን አርኤክስ 6600 ምቹ ምርጫ ነው፤ 132 ዋት ብቻ ይጠቀማል፤ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው። 170 ዋት የሚጠቀመው አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 550 ዋት ይፈልጋል።

በአሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ብዙዎችን የሚጥለው የካርዱ መስመር ብዛት ነው። ራዲየን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ በአራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመሮች ብቻ ስለሚሠራ፣ የፒሲአይ ኤክስፕረስ ሦስተኛ ትውልድ ባለው ማዘርቦርድ ላይ ሲገጠም የመተላለፊያው ስፋት በግማሽ ይቀንሳል፤ ያለው ሚሞሪም አብዛኛውን ጊዜ 4 ጊጋባይት በመሆኑ ሲሞላ ጌሙ ይንቀጠቀጣል። ርካሽ ቢሆንም ለአሮጌ ኮምፒውተር አልመክረውም። የኢንቴል አርክ ካርዶችም ሪሳይዘብል ባር የተባለውን ቅንብር ካላገኙ ብዙ አቅም ያጣሉ፤ ባዮስዎ ይህ ከሌለው ይተዉአቸው። እንዲሁም ከቅርብ ጊዜ ጌሞች አንዳንዶቹ የሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ አስልቶ ምስል የሚሠራ) ሃርድዌር የሌለውን ካርድ ጨርሶ ስለማይቀበሉ፣ የጂቲኤክስ 10 ወይም የአርኤክስ 500 ተከታታይ ካርዶችን አሁን መግዛት አያዋጣም።

ያገለገለ ካርድ መግዛት ለአነስተኛ በጀት ጥሩ መንገድ ነው፤ ነገር ግን ካርዱን ሲሠራ ሳያዩ አይክፈሉ። ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሙሉ አቅሙ ያሠሩት፤ በምስሉ ላይ የሚብለጨለጩ ነጥቦች ወይም የተሰበሩ ቅርጾች ከታዩ አይግዙት። ጂፒዩ-ዚን ከፍተውም ስሙና የሚሞሪው መጠን ከተነገረዎት ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ፤ ባዮሱ ተቀይሮ የሌላ ካርድ ስም እንዲያሳይ የተደረገ አሮጌ ካርድ ይሸጣልና። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ግን አይግዙ፤ የውስጥ ድካሙ ከውጭ አይታይም፤ ሲበላሽም ሌሎቹን ክፍሎች ይዞ ሊሄድ ይችላል። በፓወር ሰፕላይ ላይ የሚለጠፈው 80 ፕላስ የተባለው ምልክት የኤሌክትሪክ ብክነቱን እንጂ የጥራቱን ሁኔታ ሙሉ በሙሉ እንደማይናገር ልብ ይበሉ።

አሮጌውን ካርድ ከማውጣትዎ በፊት ዲስፕሌይ ድራይቨር አንኢንስቶለር በተባለው ፕሮግራም ነባሩን ድራይቨር ያስወግዱ። ከዚያም ብሎኑን ፈትተው፣ በቀዳዳው ጫፍ ያለችውን መቆለፊያ ተጭነው ካርዱን ቀጥ አድርገው ያውጡት። መቆለፊያዋን ረስተው ከጎተቱ ቀዳዳው ይሰበራል። አዲሱን «ቀጭ» እስኪል አስገብተው ብሎኑን ይሰሩና ኬብሉን ይሰኩ።

ደረጃ 8፦ ፕሮሰሰር መቀየር

በሶኬትዎ የሚገባውን ፕሮሰሰር ሁሉ ማዘርቦርድዎ አይቀበለውም። ኤልጂኤ 1151 የተባለው የኢንቴል ሶኬት ለዚህ ምሳሌ ነው፤ የ8ኛና የ9ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር በ100 እና በ200 ተከታታይ ማዘርቦርድ ላይ በአካል ቢገጥምም በአምራቹ የተፈቀደ አይደለም፤ ኮምፒውተሩም አይነሣም። ከላይ ለጠቀስነው ኮር አይ5-7500 ያለው የመጨረሻ መንገድ ኮር አይ7-7700ን የመሰለ ፕሮሰሰር ነው።

የኤኤም4 ባለቤቶች ዕድለኞች ናቸው። የቢ450 ማዘርቦርድ ባዮሱ ሲታደስ ራይዘን 5 5600ን ይቀበላል፤ ይህ ፕሮሰሰር 65 ዋት ብቻ ስለሚጠቀም መጠነኛ ሂትሲንክ ይበቃዋል። ራይዘን 5 5500 በስሙ ቢቀርበውም የኤል3 ካሹ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ፈጣን ሚሞሪ) 32 ሳይሆን 16 ሜጋባይት ነው፤ ለጌም ይህ ልዩነት አለው። 96 ሜጋባይት ካሽ ያለው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ በጥሩ ዋጋ ከተገኘ ደግሞ ማዘርቦርድ ሳይቀይሩ ለብዙ ዓመት ያሻግርዎታል፤ ብቻ ሙቀቱ ከፍ ያለ በመሆኑ ጠንካራ ሂትሲንክ ይፈልጋል።

ባዮሱን የሚያድሱት አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይወጣ ነው፤ አዲሱን አስቀድመው ከገጠሙት ነባሩ ባዮስ ስለማያውቀው ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። ፋይሉን ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ ላይ የእርስዎን ትክክለኛ ሞዴል መርጠው ያውርዱ፤ እድሳቱ እስኪያልቅ ኮምፒውተሩን አይንኩ፤ መሐል ላይ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ከሥራ ውጭ ሊሆን ይችላል። ፕሮሰሰሩን ሲገጥሙ የማዕዘኑን ሦስት ማዕዘን ምልክት ከሶኬቱ ምልክት ጋር አስተካክለው በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይተዉት፤ በጣት ተጭኖ የሚገባ ፕሮሰሰር የለም።

ማዘርቦርድዎ የሚቀበለው ምንም የተሻለ ፕሮሰሰር ከሌለ ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ብዙ ጊዜም ራም አንድ ላይ መቀየር ይኖርብዎታል። ይህን ወጪ ከማውጣትዎ በፊት ያገለገለ ሙሉ ኮምፒውተር ከሚጠይቀው ዋጋ ጋር ያወዳድሩት፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ይረክሳል።

ደረጃ 9፦ ሶፍትዌሩን አስተካክለው ይፈትሹ

የቺፕሴትና የካርድ ድራይቨሮችን ከአምራቾቹ ገጽ ይጫኑ፤ ባዮስ ሲታደስ ኤክስኤምፒ ስለሚጠፋ መልሰው ያብሩት። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት መሣሪያ እና በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ኢንቴል ወይም ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉትን ፕሮሰሰሮች ስለሚጠይቅ፣ ፕሮሰሰር ሲመርጡ ይህንንም ያስቡበት። ሁሉም ካለቀ በኋላ ደረጃ 3ን በዚያው ጌምና በዚያው ቦታ ደግመው አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ያስተያዩ።

የተለመዱ ስሕተቶች

• የአሮጌውን ሞዱላር (ኬብሎቹ የሚነቀሉ) ፓወር ሰፕላይ ኬብሎች በአዲሱ ላይ መሰካት። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አሰላለፍ ከአምራች አምራች፣ አንዳንዴም ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ዲስኮችን ያቃጥላል። ከአዲሱ ጋር የመጡትን ብቻ ይጠቀሙ።
• በሂትሲንኩ ሥር የተለጠፈውን ግልጽ ፕላስቲክ ሳያነሡ መግጠም። ፕሮሰሰሩ ወዲያው ይግላል።
• የሂትሲንኩን ፋን ሲፒዩ ፋን ከሚለው መሰኪያ ውጭ መሰካት። ማዘርቦርዱ ፋን የለም ብሎ ሊያስቆምዎት ይችላል።
• የፕሮሰሰሩንና የካርዱን ባለ 8 ፒን ኬብሎች ማምታታት። ቅርጻቸው ቢመሳሰልም የኤሌክትሪክ አሰላለፋቸው የተለያየ ነው።
• ሁለትና ሦስት ክፍሎችን በአንድ ቀን መቀየር። ችግር ሲፈጠር ከየትኛው እንደመጣ ለማወቅ ያስቸግራል።
• ስክሪኑ ጨለማ ሲሆን ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ወዲያው መደምደም። አዲስ ራም ወይም ፕሮሰሰር ሲገጠም የመጀመሪያው ማስነሣት ደቂቃዎች ሊወስድና ኮምፒውተሩ ራሱን ደጋግሞ ሊያጠፋ ይችላል፤ ታግሠው ይጠብቁ። ካልተነሣ ገመዱን ነቅለው ሲአር2032 የተባለችውን የማዘርቦርድ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ያውጡና ይመልሱ፤ ከዚያም አንድ ራም ብቻ በሁለተኛው ቀዳዳ ሰክተው ይሞክሩ። አሁንም ካልሆነ አሮጌውን ክፍል ይመልሱ፤ በእርሱ ከተነሣ አዲሱን ዕቃ ዋስትናው ሳያልፍ ለሻጩ ይመልሱ።